የኢተያ ዳገትና የእኔ ቱርቦ

«ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገራለን» ያለኝን ሜካኒክ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

አዳማ ውስጥ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፒካፔን ከኋላዬ አቁሜ፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም የሚችል ሰው እንዳላቸው በጨዋ ደንብ ጠየቅኩ። ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ይከተለኝ እንደሆነ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። ማንንም ሲያጣ ነው ስለ ባለቤቴ ያነሳው። ባለቤት የለኝም። ቢኖረኝስ? መኪናዋ የእኔ፣ ዳገቱ የእኔ፣ የሚጠወልገው ችግኝ የእኔ! ምን ሊያደርግለት ነው ባለቤቴን የሚፈልገው? «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብዬው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ ነገሩን ሳብሰለስለው፣ በገዛ አፌ ራሴን አህያ ማድረጌ ገባኝና ይበልጥ ተናደድኩ።

ቤቴ ስደርስ ወስኜ ነበር። ቱርቦውን ራሴ እገጥመዋለሁ።

ሥራዬ ችግኝ ነው። መልካሳ፣ አዋሽ ዳር፣ በኪራይ የያዝኳት ቁራሽ መሬት አለችኝ። እዚያ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲምና ቃሪያ አፈላለሁ። ቆላው ችግኙን ቶሎ ያደርሰዋል፤ ደጋ ያሉት ገበሬዎች ደግሞ የሚፈልጉት የደረሰውን ነው። ስለዚህ የችግኝ ትሪዎቹን ፒካፗ ላይ ደርድሬ፣ ሸራ አልብሼ፣ ከመልካሳ ወደ ዴራ፣ ከዴራ ወደ ኢተያ እወጣለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ያልቀለለው መንገዱ ነው።

ፒካፗን የሰጠኝ አባቴ ነው፤ ዕድሜዋ የትየለሌ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሰው ትመስላለች። ዴራን አልፋ ዳገቱ ሲጀምር ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ይወጣል። ዳር ይዤ፣ ኮፈን ከፍቼ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፌ እስክትበርድ ስጠብቅ፣ ከኋላ በሸራው ሥር ያሉት ችግኞቼ እየተቀቀሉ ነው። የጎመን ችግኝ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሙቀት ሲበዛበት ወዲያው አንገቱን ይደፋል። ኢተያ ስደርስ ሸራውን የምገልጠው ፊቴን አዙሬ ነበር።

እዚያ የሚረከቡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ለራሳቸውም ሆነ በዙሪያቸው ላሉት ገበሬዎች ችግኝ የሚመርጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው እሺ ካሉ ሁሉም እሺ ነው፤ እምቢ ካሉም እንደዚያው። ተቆጥተውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ወቅት መጨረሻ ላይ አንዱን የጠወለገ ጎመን በሁለት ጣታቸው ቀና እያደረጉ፣ «ልጄ፣ አንቺን እንወድሻለን» አሉኝ። «ችግኝሽ ግን ሁልጊዜ ታሞ ነው የሚመጣው። ቀጥሎም እንዲህ ከሆነ ከሌላ ቦታ እናስመጣለን። እንዳትቀየሚን።»

እንዳትቀየሚን! ሙሉ ገበያዬ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከተዉኝ የመልካሳዋን መሬት ለባለቤቷ አስረክቤ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው። ያን ቀን ባዶ መኪና ይዤ ቁልቁል ስወርድ፣ ከፊቴ የሚሄድ ጭነት መኪና ሁሉ የደፈረኝ መሰለኝ።

ቱርቦ አስማት አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ በጭስ ማውጫው ከሚባክን፣ አንዲት ትንሽ ፋን ያዞራል። እሷ ስትዞር በሌላው ወገን ያለችው እህቷ ንጹሕ አየር ስባ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ብዙ አየር ካለ ነዳጁ በደንብ ይቃጠላል፤ ነዳጁ በደንብ ከተቃጠለ ጉልበት ይመጣል። አለቀ። ይህን ለመረዳት ባል አያስፈልግም።

አባቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ከባድ መኪና ላይ ነው፤ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ በኋላ የጅቡቲን። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እረፍት ሲወጣ ቁልፍና ብሎን የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ሞተር ያወቅኩት በዚያ ነው። ዓይኑን ግላኮማ ከያዘው ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። ጆሮው ግን አልሞተም፤ በራችን ላይ የሚያልፍ መኪና ምን እንደጎደለው ከበረንዳው ላይ ሆኖ ይናገራል። ስለ በረሃው ሲያወራ ሁልጊዜ የሚደጋግማት ነገር አለችው፤ «አሸዋ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሸፈነው የሾፌሩ ፊት አይደለም፣ የሞተሩ አፍንጫ ነው።» ስለ ቱርቦው ስነግረው ከዘራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገና፣ «ሞተር ትንፋሹን ከፋብሪካ ይዞ ነው የሚወጣው፤ በግድ ተንፍስ አይባልም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። እኔም አልጠበቅኩትም፤ ያገለገለ ቱርቦ ፈላልጌ አመጣሁና ሥራዬን ጀመርኩ።

የምንኖርበት ግቢ የጋራ ነው። በአንዱ ቤት እኔና አባቴ፣ በሌላው እትዬ። ግቢው ብቻ ሳይሆን ሠፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም እናት ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው። ሲመሽ ቢስሚላህ እያሉ በግቢው ያለውን የተከፈተ ዕቃ ሁሉ ይከድናሉ። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የእኔንም ጭምር። ክዳኑ የጠፋውን ጀሪካኔን ጠዋት አፉን በፌስታል ታስሮ አገኘዋለሁ። የረሳሁት ባልዲ ተደፍቶ ያድራል። ክፍት ዕቃ ማደር የለበትም፤ ክፉ ነገር ይገባበታል ይላሉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በራቸው ላይ በርሜል አላቸው። የእሱ ክዳን ከባላቸው አሮጌ ሽርጥ የተቀደደ፣ አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ ነበር።

አዳማ ላይ የተከፈተ ኮፈን እንደ ድንኳን ነው፤ ያየው ሁሉ ጎራ ሳይል አያልፍም። የግቢያችንን በር ለብርሃንና ለንፋስ ብዬ ስከፍተው፣ ባጃጅ አቁሞ የሚገባው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን አጣፍቶ የሚቆመው፣ ከሰል አውርዶ ሲያበቃ ጆንያው ላይ ቁጭ የሚለው ብዛቱ! ይምጡ፣ ግድ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ እስከ ክርኔ ሞተሩ ውስጥ ገብቼ፣ ፊቴ በዘይት ተለውሶ፣ ቁልፉን በጥርሴ ይዤ እያዩኝ፣ የሚያናግሩት አባቴን ነው።

«አባቴ፣ ያ ብሎን ጠበቅ ቢል ጥሩ ነው» ይሉታል።

«አባቴ፣ ይሄ ነገር ሞተሩን አያፈነዳውም?»

አባቴ በረንዳው ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ብሎኑን ተዉትና መኪናዋ በየት በኩል እንደቆመች እንኳ የሚያውቀው በድምፅ ነው። እሱ ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ «እህ፣ እናየዋለን» እያለ ራሱን ይነቀንቅላቸዋል። ዓይኑ የማያይ ሰው ይጠየቃል፣ እጇ ሞተር ውስጥ ያለች ሴት አትጠየቅም! አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «እዚህ ነኝ እኮ! የሚያወራ አፍ አለኝ!» ብዬ ስጮህ፣ ባለ ነጠላው ሰውዬ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ «ልጅዎ ደክሟታል መሰለኝ፣ ትረፍ» አለው።

ሥራው ቀስ በቀስ አለቀ። አሮጌውን ጭስ ማውጫ ቆርጬ ለቱርቦው እንዲመች አስበየድኩት። ከሞተሩ ወደ ቱርቦው ዘይት የምትወስደውን ቀጭን ቱቦ ሳብኩ፣ ዘይቱ የሚመለስባትንም ዘረጋሁ። ቱርቦው ራሱ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ወደ መጨረሻው፣ አየር የሚገባበትን ወፍራም የጎማ ቱቦ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንዱን ጫፉን ከቱርቦው አፍ ጋር አሰርኩት። ሌላው ጫፉ ወደ ላይ ክፍት ሆኖ ቆመ። እዚያ ላይ የሚቀመጠውን የአየር ማጣሪያ አጥቤ ስለነበር ግድግዳ ላይ አስደግፌው እንዲደርቅ ተውኩት። አመሻሹ ላይ ያ የእኛ የአዳማ ንፋስ ተነሳ፤ የመንገዱን አቧራ በበሩ ሥር እያንከባለለ ወደ ግቢው አስገባው። ኮፈኑን ዘጋ አደረግኩና ገባሁ። ሥራው የቀረው ማጣሪያውን አስሮ ማስነሳት ብቻ ነበር።

ጠዋት ማጣሪያውን ቱቦው ጫፍ ላይ ጭኜ አሰርኩት። ቱቦው ውስጥ አላየሁም። ማን ያያል? ማታ በገዛ እጄ ያጠብኩትን ቱቦ ጠዋት ደግሞ አጎንብሼ የማየው ምን ገብቶበት ያድራል ብዬ ነው?

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ትንሽ አስነጠሰና ተነሳ። ዘይቱ እስኪዳረስ ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ከዚያ በእግሬ ቀስ አድርጌ ነዳጅ ስሰጠው ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ያን ፉጨት ስንት ጊዜ በሕልሜ ሰምቼዋለሁ! ልጮህ አፌን ስከፍት ፉጨቱ ታነቀ። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ከሞተሩ ሆድ አንድ ከባድ ምት መጣ። ቶሎ አጠፋሁት።

ቱቦውን ስነቅለው ጨርቅ ወጣ። አንድ ላይ አልወጣም፤ በብጥስጣሽ ነው የወጣው። አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ። ቱርቦው ስቦ ውጦት፣ የፋኗ ክንፎች ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ሆነዋል። በጣቴ ሳዞራት አልዞር አለች።

ብጥስጣሹን በእጄ ጨብጬ ቀና ስል እትዬ ከቤታቸው ወጥተዋል። ጨርቁን አዩ። ክዳን የሌለውን በርሜላቸውን አዩ። ከዚያ በርጩማው ላይ ያለውን አባቴን አዩ፤ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ አቀርቅሯል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እትዬ። «ንፋሱ አቧራ እንዳያስገባበት ብዬ ነው። አብሽሪ፣ አላህ ይተካዋል።»

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ሁሉ አልጽፈውም። «ሞተር እንስራ ነው እንዴ እትዬ?» አልኩ። «ለምንድን ነው የማያውቁትን የሚነኩት? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው!» በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ቆመው ሰሙኝ። አባቴ ብቻ፣ «ተይ፣ ይበቃል» አለ። ይበቃል ይለኛል! ያ ሁሉ ልፋቴ ተቃጥሎ፣ የኢተያው ሰውዬ እየጠበቁኝ፣ «ይበቃል» ነው የሚባለው? እሱንም ጮህኩበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእትዬ ሰላምታ ነፈግኳቸው። ስገባም ስወጣም በአጠገባቸው እንደ ባዳ አለፍኩ። ኮፈኑ ላይ በኖራ «መንካት ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ማን እንዲያነበው እንደጻፍኩት እኔም አላውቅም፤ በግቢው ካሉት ሰዎች አንዱ አያይም፣ እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። እሳቸው ግን ልማዳቸውን አልተዉም። መልካሳ በምውልባቸው ቀናት የአባቴን ምሳ ከፊቱ ያቀርቡለታል። ማታ ማታ ጀሪካኔ እንደ ወትሮው ታስሮ ያድራል። በርሜላቸው ላይ ግን ጨርቁ ስለሌለ አሮጌ ሰሐን ደፍተው ድንጋይ ጫኑበት። ያን ድንጋይ ባየሁት ቁጥር ንዴቴ ይታደስ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ፣ «ስልክ ደውዪልኝ» አለኝ። ድሮ የእሱ ረዳት የነበረ፣ አሁን ዱከም አካባቢ የተጋጩ መኪኖችን እየፈታ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ድሮው በረሃ ብዙ ካወራ በኋላ፣ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ እየነገረው ቱርቦ እንዲፈልግለት ለመነው። አባቴ ሰው ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዕቃው በጆንያ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ፤ መናኸሪያ ሄጄ ከሚኒባሱ ረዳት እጅ ተቀበልኩት።

«አንተ ቱርቦ አትወድ፣ ምን ታየህ?» አልኩት።

«የተጀመረ ሥራ አይተውም» አለኝ።

እንደገና ጀመርኩ፤ ደግነቱ ዋናው ሞተር አልተጎዳም ነበር። አሁን አባቴ በርጩማውን ከበረንዳው አውርዶ መኪናዋ አጠገብ አደረገው። የምፈታውን ብሎን በመዳፉ ይቀበለኛል፣ በጣቱ ለክቶ በየዓይነቱ ይለየዋል፣ ስጠይቀው ሳይሳሳት ያቀብለኛል። ልጅ ሆኜ እኔ ለእሱ የማደርገው ነበር። መካሪዎቹም አልቀሩም፤ ዛሬም «አባቴ» እያሉ ከእሱ ጋር ያወራሉ፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ንዴቴን ዋጥ እያደረግኩ ሠራሁ። ስጨርስ አልቤርጎ የገባ ሰው አልጋውን ገላልጦ እንደሚያይ ቱቦውን በባትሪ አየሁት። ማጣሪያውንም ወዲያው አሰርኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ፉጨቱም መጣ፣ ሳይታነቅም ቆየ።

የጎመን ችግኙ ደርሶ ስለነበር የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ከኢተያው ሽማግሌ ጋር ቀጠርኩ። በጠዋት ልወጣ ስዘጋጅ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«እኔም እመጣለሁ» አለ።

ዓይኑ ከደከመ ወዲህ አንድም ቀን እኔ በምነዳት መኪና አልተቀመጠም። ሐኪም ቤት እንኳ በባጃጅ ነው የሚሄደው። ሰው ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጦ ማዳመጥ ለሾፌር ቅጣት ነው ይላል። ደግፌ አስገባሁትና መልካሳ ደርሰን ትሪዎቹን ጫንን። ዴራን አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳብስ።

«ሦስተኛ ላይ ነሽ?»

«ሦስተኛ ላይ ነኝ።»

«አትቀይሪ።»

«አልቀየርኩም እኮ አባዬ!»

ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ አንድ ግራር አለ። ጎማ የማስደግፍባቸው ድንጋዮቼ እንኳ ሥሩ እንደተከመሩ ናቸው። መኪናዋ እያፏጨች ወደ ግራሩ ቀረበች፣ አጠገቡ ደረሰች፣ አለፈችው። የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ከፊታችን የሚያቃስት ጭነት መኪና ነበር፤ እሱንም አልፈነው ወጣን። እንባዬ መጣ። አባቴ አያየኝም ብዬ አልጠረግኩትም፤ እሱ ግን ሰምቷል መሰለኝ ባርኔጣውን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኢተያ ስንደርስ ሽማግሌው ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ቆመው ይጠብቁናል። ሸራውን እኔ ሳልደርስ እሳቸው ገለጡት። ጎመኑ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ ላይ የጠዋቱ ውኃ እንኳ አልደረቀም። እሳቸው እጃቸውን በቅጠሎቹ ላይ እያንሸራተቱ ሳቁ። እኔ ትሪ ተሸክሜ ሳወርድ፣ እሳቸው ዞረው በጋቢናው በኩል ሄዱና የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አካም ጅርቱ አባ! እንኳን ደህና መጡ!» አሉት፤ ሾፌር እንደነበረ ድሮ ነግሬያቸዋለሁ። «እርስዎ እያሉማ መኪናዋ ለምን ትደክማለች? አባት ያለው ሰው አይቸገርም። እንዲህ አድርገው አበጇት! ድሮም የሾፌር እጅ ሌላ ነው።»

ትሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እዚህም? ይህን ሁሉ ዳገት ወጥቼ እዚህም? አባቴ እንደ ልማዱ «እህ» ብሎ ራሱን እስኪነቀንቅ ጠበቅኩ፤ ያን ካደረገ ትሪውን መሬት ላይ ልፈጠፍጠው ነበር።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የለም» አለ። «እኔ ያበላሸኋት ነኝ። ቱቦዋ ክፍት ሆኖ ንፋስ ተነሳ። እንደ በረሃው ልማዴ በዳበሳ ወጥቼ፣ ከጎረቤታችን በርሜል ላይ ጨርቅ አንስቼ፣ ኮፈኗን ከፍቼ የቱቦዋን አፍ ወተፍኩ። ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ። ስነቃ ሞተሩ ተነስቷል። በእኔ ጥፋት ጎረቤታችን ተሰደቡ፣ እኔም ዝም አልኩ። መኪናዋን የሠራቻት ልጄ ናት። ያውም በእኔ ጦስ ሁለት ጊዜ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ኮፈኑ ላይ የቀረውን የኖራ ጽሑፌን አዩ። ወደ እኔ መጥተው ትሪውን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ከዚህ በፊት ዕቃ ተቀብለውኝ አያውቁም። «አንቺ ነሽ?» አሉ። «እንግዲያው ለሚመጣው ወቅት ከዚህ እጥፍ አምጪልን።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቁልቁል ስንወርድ ግን የሚፈላው ንዴቴ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እትዬ ቀደሙኝ።»

«ቀደሙኝ ማለት ምን ማለት ነው? ሩጫ ነው?»

«እሳቸው እኔ ነኝ ካሉ በኋላ፣ የለም እኔ ነኝ ብል እሳቸውን በፊትሽ ውሸታም ማድረግ ሆነብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆየ። የቆየ ነገር ለመናገር ይከብዳል።»

ይኸውልህ ይሉኝታ! እሳቸው የእሱን ክብር ይጠብቃሉ፣ እሱ የእሳቸውን ክብር ይጠብቃል፣ የእኔን ቱርቦ የሚጠብቅ ግን አልነበረም። እኔም በመሐል ምንም ያላደረጉኝን ሴት የምሰድብ ባለጌ ሆኜ ተገኘሁ። ማን አድርጎኝ? እነሱ! እውነቱን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የምቆጣው ለአንድ ቀን ነበር። ዴራ ስንደርስ መኪናዋን አቁሜ ገበያ ገባሁና አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለው አዲስ ሽርጥ ገዛሁ። ሻጩ፣ «ለባለቤትሽ ነው?» አለኝ። ዋጋ ሳልከራከር ከፍዬው ወጣሁ።

እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሽርጡን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ለምን ዋሹኝ እትዬ?»

ወዲያው ገባቸው። አባቴ ወደ ቤት እስኪገባ በዓይናቸው ሸኙት። «ባንቺ ቁጣ እኔ ምን እሆናለሁ?» አሉ። «ጎረቤት ነኝ፤ እንቀያየማለን፣ እንታረቃለን። አባትሽ ግን ዓይናቸውን አላህ ወስዶታል። የቀራቸው መኪና አውቃለሁ ማለት ነው። እሱን ደግሞ አንቺ ልትወስጂባቸው ነው?»

እውነት መስማት እንደ እኔ ላለች ሰው ሌላ ንዴት ነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እየተቆጣሁ ነው የጠየቅኳቸው። እሳቸውም እየሳቁ «አውፍ ብያለሁ» አሉኝና መቀስ አምጪ አሉ። ሽርጡን ለሁለት ቀደድነው። ግማሹ በርሜሉ ላይ ተዘረጋ፤ ድንጋዩ ተጣለ። ከቀረው ግማሽ ላይ ለቱቦው የሚበቃ ቁራጭ ወስጄ ረጅም ቀይ ጥብጣብ ሰፋሁበት።

አሁን መኪናዋን ከፍቼ ሥራው ሳያልቅ ከመሸብኝ አባቴን እጠራዋለሁ። በዳበሳ ይመጣል፣ ጨርቁን ይወትፋል፣ ጥብጣቡ ወደ ውጭ መንጠልጠሉን በጣቱ ያረጋግጣል። ጠዋት የምነቅለው እኔ ነኝ።

ያ ባለ ነጠላ ሰውዬ ባለፈው እሑድ በራችን ክፍት ሆኖ አግኝቶ ገባ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ዘይት እያፈሰስኩ ነበር። እንደ ልማዱ ከጫማዬ በቀር ምኔንም አላየም።

«አባቴ፣ ይሄ ዘይት ቶሎ አልቆሸሸም?» ሲል ሰማሁት።

ከበርጩማው ላይ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«እሷን ጠይቃት» አለው። «እኔ የጨርቁ ኃላፊ ነኝ።»